ራስጌያቸው የሚገናኝ አልጋዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ለእታለሜ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉንፋን በቀር የሚፈልገኝ የለም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ የመነጽር ሌንስ ስሞርድ ነው። እጄ በመስታወት ብናኝ ነጥቶ ስለነበር ፖስታውን በጥርሴ ቀደድኩት። ባለሱቁ ከባንኮኒው ማዶ አዩኝና «ከእህትሽ ነው?» አሉኝ። «በምን አወቁ?» ብላቸው «የሌላውን ሰውማ በመቀስ ነው የምትከፍቺው» አሉ።

ለጥያቄሽ፣ እውነቴን ነው፤ ቀልድ አይደለም። የሽርሽር መርከቧ ከዚሁ ከእኛ ወደብ ተነስታ፣ ደሴቶቹን ዞራ፣ በሳምንቷ እዚሁ ትመልሰናለች። ሌላ ሰው የለም፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ልጆች ሳለን አባታችን ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይሄ ሰማያዊው ሁሉ ውሃ ነው» ሲለን፣ ጣትሽን ሰማያዊው ላይ አሽተሽ ቀመስሽውና «ጨው የለውም» አልሽ። እኔ እዚህ ወደቡ ላይ ስኖር ይኸው ስንት ዘመኔ፤ አንቺ ግን እስከ ዛሬ የቀመስሽው ባሕር ያ ወረቀት ብቻ ነው። ጋሼ ባለቤትሽ ካረፈ ደግሞ ዓመት ሊሆነው ነው። በልጅሽ አፍ እንደምሰማው ከስፌት ቤትሽ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ስፌት ቤትሽ ነው ጉዞሽ። ሁለቱ ደግሞ አንድ ጣሪያ ስር ናቸው።

አሁን ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አልጋ ምረጪልኝ።

አትሳቂ። የጉዞ ቢሮዋ ሴትዮ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ነው ሰው የምታናግረው። «ሰው ሁሉ መጥቶ መስኮት ይጠይቀኛል» አለችኝ። «መስኮቱን ሁለት ቀን አይቶ ይሰለቸዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት ነው የምትተኙት ብዬ ነው።» ፊቴ ቀላ። እሷ ግን ለምዳዋለች፤ ሥዕሎቹን ዘረጋችልኝ። ሁለት አልጋ ግራና ቀኝ፣ መሃላቸው መብራት የተቀመጠባት ትንሽ ኮመዲኖ ያለበት ክፍል አለ። እነዚያኑ አልጋዎች አገጣጥመው አንድ ያደረጓቸውም አለ፤ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው፣ ግን ወፍራም ፍራሽ ይደረብበታል። ደግሞ ተደራራቢ አለ፤ የላይኛው ቀን ቀን ግድግዳው ውስጥ ይታጠፍና ሲፈለግ እንደ መሳቢያ ይወርዳል። ሶፋው ሲዘረጋ አልጋ የሚሆንበትም አሳይታኛለች፣ እሱን ግን ራሷም አልወደደችውም። «ወገብ ይበላል» አለች።

የቱን ልያዝ? እኔ ካንቺ ጋር ከሆንኩ መሰላል ላይም እተኛለሁ።

የምትወድሽ እንዝርትሽ


እሑድ፣ ኅዳር 23

ለእንዝርቴ፤

ሰላምታዬ ከከንፈሬ አይደለም፤ ከሆዴ ነው። ስለዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ። አንድ ሆቴል የአዳራሹን መጋረጃ ሁሉ እኔ ላይ ጣለው። ከፋዩ ከባድ ነው፣ ገበሩ ደግሞ የሚያዳልጥ፤ አንዱን ስይዘው ሌላው ይሸሻል። ሽንሽኑን ቆጥሬ ሳልጨርስ ደንበኛ ይገባል፤ ደንበኛው ሲወጣ ከስንት እንደቆምኩ ይጠፋኛል። ስልክ አለማንሳቴንም ከዚሁ ቁጠሪው። ስልክ ላይ እኮ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ» ተባብለን ነው የምንዘጋው። ወረቀት ይሻለናል፤ ወረቀት ላይ ሰው አይቸኩልም።

ሰው አለሽ ወይ ብዬ ስለጠየቅኩሽ ተቆጥተሽ ከደብዳቤሽ ኋላ የላክሽውን ካርድ አይቻለሁ። እሺ፣ አልጠይቅም። አንቺም ሁሉን አትጠይቂኝ።

አልጋ ምረጪ አልሽኝ። እኔና አንቺ በልጅነታችን ስንት ዘመን አንድ አልጋ ላይ እንደተኛን ረሳሽው? አባታችን «እንዝርት» ያለሽ በከንቱ አይደለም። ራስጌ ተኝተሽ ግርጌ ትነሻለሽ፤ ጠዋት ፊቴን የሚያጥበኝ የእግርሽ ተረከዝ ነበር። ስለዚህ የተገጣጠመው አልጋ ይቅርብን። ተደራራቢውም ይቅር፤ አንቺ ከላይ ከሆንሽ እኔ ላይ ትወድቂያለሽ፣ እኔ ከላይ ከሆንኩ ጉልበቴ መሰላል አይወጣም።

ደግሞስ ስለ እኔ አልጋ ምን አስጨነቀሽ? ለራስሽ የሚመችሽን ያዢ። ይልቅ ወንበር አለ ወይ? መደገፊያ ያለው፣ እጅ የሚያሳርፍ? መርከብ ላይ ወንበር ወለሉ ላይ በብሎን ይታሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወደ መስኮቱ ሳብ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ። እኔ ባሕሩን ቁጭ ብዬ ላየው ነው የምመጣው። መተኛትማ እዚሁም ይተኛል።

እህትሽ


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

እታለም፤

ወንበሩን አየሁት። በዓይኔ!

መርከቧ ለጽዳት ወደቡ ላይ ቆማ ነበርና የቢሮዋ ሴትዮ «ሥዕል ከምታዪ ራስሽ ሄደሽ እዪው» ብላ አስገባችኝ። የኮሪደሩ ምንጣፍ የእግር ድምፅ ይውጣል፤ ሰው እየሄደ ሳይሆን እየታሰበ የሚያልፍ ይመስላል። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው፣ አልጋዎቹ ሁሉ ራቁታቸውን ነበሩ። አንዲት አልጋ አንጣፊ ነጭ አንሶላ አየር ላይ ስትበትን ደረስኩ። አንሶላው ተነፋና፣ ለአፍታ እንደ ደመና ቆመና፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ስንቱን ዓመት እንደሠራች እንጃ፣ አሁንም እስኪወርድ ድረስ ቆማ ታየዋለች።

«ባልና ሚስት መጥተው አልጋችንን ለያዪልን ይሉኛል» አለችኝ። «ጉዞው ሲያልቅ መልሰሽ ግጠሚልን ይላሉ። የተገላቢጦሹም አለ፤ እሱ ግን አይወራም።»

ጫማዬን አውልቄ በአንደኛው ላይ ተጋደምኩ። እታለም፣ መርከብ ታስራ ቆማ እንኳን ትተነፍሳለች። ከፍ ታደርግሻለች፣ ዝቅ ታደርግሻለች፤ ሆን ብላ አይደለም፣ ዝም ብላ። ሰው ደረት ላይ ጆሮ አሳርፎ እንደመተኛት ነው። አንጣፊዋ በትራስ ቀስ አድርጋ ባትነካኝ ኖሮ እዚያው አሸልቤ ሌላ አገር በነቃሁ።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ወንበር አይባልም። ክብ በርጩማ ነው፤ መዋቢያው መስታወት ፊት ተቀምጦ ፀጉር ለማበጠር የተሠራ። ሰው አያሳርፍም።

አሁን የማልወደውን ነገር ልጻፍ። ልጅሽ ደውሎልኝ ነበር። ለድልድይ ሥራው በዚያ ሲያልፍ ሳይነግርሽ ማልዶ ገብቶ፣ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልለሽ፣ አንገትሽ አዘንብሎ እንዳገኘሽ ነገረኝ። የመኝታ ቤቱን በር ቢገፋው ተቆልፏል፤ እጀታው ላይ ደግሞ አቧራ አለ። «እማ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትተኛው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። አሁን እኔ ደግሞ አንቺን እጠይቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ወንበር ወንበር ያልሽኝ ለዚህ ነው?

እንዝርትሽ


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

ልጄ ድልድይ ሲሠራ ይዋል እንጂ የእናቱን ወሬ ከከተማ ከተማ ባያሻግር ጥሩ ነበር።

የማልሞት ይመስል ጤናዬን የሚቆጥርልኝ በዛ። ቤቴ ነው። ወንበሩም የእኔ ነው። ብፈልግ ወለል ላይ፣ ብፈልግ ቁም ሣጥን ውስጥ እተኛለሁ።

መርከቡን ሌላ ሰው ይዘሽ ሂጂበት። የሆቴሉ ሥራ አላለቀልኝም። 

እህትሽ


ሐሙስ፣ ጥር 2

ለእታለሜ፤

ይቅር በይኝ። የሰው በር እጀታ ላይ ያለ አቧራ የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ልጅሽም አቧራውን ያወራው ሌላውን መናገር ስላቃተው ነው። እሱንም ማሪው። ስልኩ ላይ ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖብኝ ነበር።

ሌላ ሰው ይዘሽ ሂጂ አልሽኝ። ማንን? ባለሱቁን? መነጽራቸውን አውልቀው ሲያስነጥሱ መስታወት ይሰነጠቃል። ቦታውን አልሰረዝኩትም፣ አልጋም አልመረጥኩም። የቢሮዋ ሴትዮ «አልጋ ያልመረጠ መንገደኛ አይቼ አላውቅም» ብላ እርሳሷን ነቅላ ወረቀቷ ላይ ባዶ ክብ ሣለችልኝ። ባዶው ክብ ይቀመጥ።

እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መልስ አልፈልግበትም። ሃምሳን አልፌም ሰው አጠገቤ ተኝቶ ሲተነፍስ የሰማሁት ያኔ ካንቺ ጋር ብቻ ነው። አንቺ ስታገቢ አልጋው ሁሉ ለእኔ ሆነ። ስፋቱ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። በመጀመሪያዋ ጠዋት ነቅቼ ሳይ ግን አልዞርኩም። ራስጌ ተኝቼ ራስጌ ነቃሁ። ካንቺ ወዲህ አልጋ ላይ ዞሬ አላውቅም፤ የምዞረው አንቺን ፍለጋ ነበር መሰለኝ።

ያለፈው ሳምንት ዝናብ እየዘነበ፣ ሱቁ ባዶ ሆኖ፣ አንድ ሌንስ ለረጅም ሰዓት ስፈትግ ቆየሁ። በውስጡ ሳይ መንገዱ ሁሉ ተገልብጦ ነበር፤ ጃንጥላዎቹ ከታች፣ እግሮቹ ከላይ። አንቺ በዚያ መካከል የምትመጪ መሰለኝ። ሌንሱን ከዓይኔ አላነሳሁትም። ባነሳው እንደማትመጪ አውቄያለሁ።

ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ባትጽፊም አልቀየምም።

እንዝርትሽ


እሑድ፣ ጥር 19

ለእንዝርቴ፤

በፊተኛው ደብዳቤዬ ሰላም ሳልልሽ ጀምሬ ሰላም ሳልልሽ ጨረስኩ። አሁን የሁለቱንም ልበልሽ፤ እንደምን ነሽ? እንደምን ነሽ?

«አልጋው ላይ የሆነብሽ ምንድን ነው?» ብለሽ ከይቅርታ ደብዳቤሽ በፊት በላክሽልኝ በዚያች ትንሽ ካርድ የጠየቅሽኝን ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ሆድም አልፈጀው አለ። ልንገርሽ።

ጋሼሽ የአውቶቡስ ሹፌር ነበርና ከወፍ በፊት ነው የሚነቃው። ከመነሳቱ በፊት ግን ሕልሜን ይሰማል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነበርን። እኔ ዓይኔን ሳልገልጥ እነግረዋለሁ፤ ከገለጥኩ ይበንብኛል። እሱ ጣሪያውን እያየ ይሰማል፤ ባበቃሁ ቁጥር «ከዚያስ?» ይላል። ሕልም እኮ «ከዚያስ» የለውም፤ እሱ ግን ሲጠይቀኝ ከየት እንደሆነ እንጃ ይመጣልኝ ነበር። ሲመሽ መኪናውን አቁሞ ሲገባ «ዛሬ መንገዱን ሁሉ ያንን ሕልምሽን ይዤ ነዳሁ» የሚለኝ ጊዜ አለ።

ያን ዕለት ጠዋት ያየሁት ረጅም ነበር። እርሻ የሚያክል መስኮት አለ፣ መጋረጃ እሰፋለታለሁ። ጨርቁ አያልቅም፤ ቀለሙም እየሄደ ይለወጣል። ወዲያ ማዶ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አለ፤ ፊቱ አይታየኝም፣ ሳብ ሲያደርገው ግን እጁ ይሰማኛል። ሳብ ሲያደርግ እኔ እሰፋለሁ፣ ላላ ሲያደርግ ቆሜ እጠብቃለሁ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ከዚያስ?» አላለኝም። እንቅልፉ አልለቀቀውም ብዬ ቀጠልኩ። ፈገግ ብሎ ይሆናል አልኩ። ከመስኮቱ ማዶ ያለውን፣ የነፋሱን፣ የመርፌውን፣ ሁሉን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው። ከዚያ እጁን ያዝኩት።

ለቀስተኛው ሁሉ «ሳይሰቃይ፣ በእንቅልፉ፣ የታደለ ሰው» አለኝ። እውነት ነው። እኔም ሲሉኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ግን ያንን ሕልም ማን ሰማው፣ እንዝርቴ? የቱ ጋ ድረስ ሰማልኝ? መስኮቱ ጋ? ጨርቁ ጋ? ወይስ ከመጀመሪያውም አልነበረም? በቀን በሥራ ብጠመድም፣ መቀሱን ሳስቀምጥ የሚጠብቀኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎኔን አልጋ ላይ አላሳረፍኩም። ቂም ይዤ አይደለም። ወንበር ላይ ሕልም የለም፤ ወንበር እንቅልፍ ያበድርሻል እንጂ ሕልም አይጨምርልሽም። ሕልም ከሌለ ደግሞ የምነግረው ሰው አይጠፋኝም። ይኸው ነው። ለልጄ እንዲህ ብለሽ አትንገሪው፤ አባቱ ነው።

መርከቡን አሁንም ካልሰረዝሽው እመጣለሁ። የፈለግሽውን ክፍል ያዢ። ግን እንድተኛ አትለምኚኝ። የቱን እንደያዝሽ ጻፊልኝ፤ ሳላውቀው ክፍል መግባት አልወድም።

እህትሽ


ረቡዕ፣ ጥር 29

እታለሜ፤

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ አላነበብኩትም። ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደቡ ድረስ ሄጄ፣ ግንብ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ሁለተኛ አነበብኩት። ጋሼ ሕልምሽን የቱ ጋ ድረስ እንደሰማ አላውቅም። አውቃለሁ የሚልሽ ሰው ካለም ውሸታም ነው። እኔ ግን መስኮቱንም ጨርቁንም አሁን ሰምቻቸዋለሁ፤ እኔ ጋ ደርሰዋል።

ክፍሉን ያዝኩ።

ለጉዞ ቢሮዋ ሴትዮ ታሪክሽን አልነገርኳትም። «ጎን ለጎን ያልሆነ፣ ፊት ለፊት ያልሆነ፣ ከላይና ከታችም ያልሆነ አልጋ አለ?» አልኳት። እርሳሷን ከፀጉሯ ነቀለች። ወረቀቶቿን ገለበጠች፣ ገለበጠችና «የማዕዘን ክፍል» አለችኝ። መርከቧ አፍንጫዋ ጋ ጠበብ ስለምትል እዚያ ያሉ ክፍሎች ቅርፃቸው ወጣ ያለ ነው። ብዙ ሰው አይወዳቸውም። አንዱ አልጋ በግድግዳው ርዝመት ነው፣ ሌላው በመስኮቱ ስር። እግራቸው ይራራቃል፤ ራስጌያቸው ግን ማዕዘኑ ላይ ይገናኛል። ማንም ጎንሽ አይተኛም። እጅሽን ብትዘረጊ የምታገኚው ግድግዳ ነው። ብትናገሪ ግን ጆሮዬ ካንቺ አፍ አንድ ክንድ አይርቅም።

ተኚ አልልሽም፤ ቃሌ ነው። አልጋ አንጣፊዋ ከመርከቧ በረንዳ ባለመደገፊያ ወንበር እንደምታመጣልኝ ነግራኛለች፤ ብሎንም የለውም፣ ወደፈለግሽው ትጎትቺዋለሽ።

በየካቲት መጨረሻ ባቡር ጣቢያው ላይ እቆማለሁ። ሹራብ ያዢ፤ ባሕር በቀትርም ይበርዳል።

እንዝርትሽ


ሐሙስ፣ መጋቢት 12

እታለም፤

በሰላም ገባሽ? ባቡር ላይ ሆነሽ የጫርሻት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። ፊደሉ ከባቡሩ ጋር ስለሚዘል አንዱን ቃል ባለሱቁ ናቸው ያነበቡልኝ። «አሳፈርኩሽ ወይ?» ነው የሚለው።

እኔን? እኔማ ካንቺ ጋር ሰው ፊት መቆም ጌጤ ነው። ያፈረ ካለ ሽማግሌው ነው።

አንቺ በምን መልክ እንደመጣሽ አላየሽውም፤ ልንገርሽ። ያን ቀን ከሰዓት ሰው ሁሉ ደሴቷን ሊያይ ወርዷል። ጉም ነበር፤ ባሕሩና ሰማዩ የት ላይ እንደተሰፉ አይታወቅም። አንቺ ወንበርሽ ላይ እንዳለሽ ትቼሽ ሻይ ልጠጣ ወደ ላይኛው ወለል ወጣሁ። እዚያ ያሉት ሁለት ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ሻዬን ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና እየሮጥሽ ገባሽ። ፀጉርሽ ተፈትቷል። አንድ እግርሽ ካልሲ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። ጉንጭሽ ላይ የትራስ ጥልፍ ታትሟል። ሰላም የለ፣ ምን የለ፣ ከሩቅ «ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር!» አልሽ።

አንደኛው ሽማግሌ ካርታውን በትኖ ተነሳ። «የትኛው ክፍል ነው ውሃ የገባው?» ብሎ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ፍለጋ ጀመረ። ጓደኛው ያዘው። አንቺ አላየሽውም፤ የምታይው እኔን ነበር።

ቆመሽ ነገርሽን። አዎ፣ ለሦስታችንም። ስፌት ቤትሽ ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ ገብቶ፣ መቀሶቹ እንደ ዓሣ ሲዋኙ፣ የክር ጥቅሎቹ ሲንሳፈፉ፣ ደንበኞችሽ በጀልባ እየገቡ «የእኔ መጋረጃ ደረሰ?» ሲሉ። አንቺም ጨርቁን ከውሃው ውስጥ እያወጣሽ ስታሰጪ፣ ከእያንዳንዱ እጥፋት ብርሃን ሲፈስ። ዓይንሽ ተከፍቶ ነበር፣ እታለም። ዓይንሽን ገልጠሽ ነው የነገርሽን፤ አልበነነብሽም።

ስትጨርሺ አንድ ቃል ምላሴ ላይ መጣ። የጋሼ ቃል ስለሆነ ዋጥኩት። የራሴን ፈለግኩና «ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር?» አልኩሽ። ቆም ብለሽ አሰብሽ። «አይ፣ ለብ ያለ ነበር» አልሽኝ። ከዚያ ያንን ለቅሶ አለቀስሽ።

ሽማግሌው የራሱን ሻይ አምጥቶ ሰጠሽ። እስከ መጨረሻው ቀን ባገኘኝ ቁጥር «እህትሽ ዛሬስ ምን አየች?» ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳትነግሪኝ ሄደሻል። እኔ ወንበር ላይ ነው የተውኩሽ። አልጋው ላይ እንዴት ደረስሽ? ወደ ላይ ስትመጪስ ለምን ነበር የምትሮጪው? ባትነግሪኝም ይሁን። ብትነግሪኝ ግን ደስ ይለኛል።

እንዝርትሽ


ሰኞ፣ መጋቢት 30

ለእንዝርቴ፤

ሰላም ብዬሻለሁ፣ ከነሙሉ ቤቴ። ሽማግሌውን ስላስደነገጥኩት ድንገት ወደቡ ላይ ካገኘሽው ይቅርታዬን አድርሺልኝ።

እንዴት አልጋው ላይ ደረስሽ አልሽኝ። እውነቱን ስነግርሽ አልወሰንኩም። አንቺ ስትወጪ ወገቤ አመመኝ። ላቅናው ብዬ ጋደም አልኩ፣ እግሬን እንኳ አልሰበሰብኩም፤ አንድ ካልሲ አውልቄ ሌላውን ላወልቅ ስል ነው። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበርና ክፍሉ ቀንም ማታም አልነበረም። መርከቧ ከፍ አደረገችኝ፣ ዝቅ አደረገችኝ። ልክ አንቺ እንደጻፍሽልኝ ነበር፤ ሆን ብላ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም።

ስነቃ ዓይኔን አልገለጥኩም። ሕልሙ እንደ እርጥብ ጨርቅ ላዬ ላይ ነበር። የት እንዳለሁ ሳላስብ መናገር ጀመርኩ። «ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር» አልኩ። ስለ መቀሶቹ ተናገርኩ። ስለ ጀልባዎቹ ተናገርኩ። መሃል ላይ ስደርስ ዝምታውን ሰማሁት።

እንዝርቴ፣ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። አብሬው ኖሬያለሁ። አንቺ ከራስጌዬ ያለሽ መስሎኝ ነበርና ሰውነቴ በሙሉ እንጨት ሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አልነግርሽም። «እንዝርት» ብዬ መጥራት ፈራሁ። እጄን ልዘረጋ ፈለግኩ፤ ግድግዳውን ነካሁ። በመጨረሻ «ምንም ይሁን» ብዬ ገለጥኩት።

አልጋሽ ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ ተረግጦ ግርጌ ተከምሯል፣ ትራሱ ወለል ላይ ወድቋል፣ አንሶላው ላይ የሰው ቅርፅ አለ፤ የተገለበጠ፣ የተጠማዘዘ፣ እንደገና የተገለበጠ። በሕይወት ያለ ሰው ተነስቶ የሄደበት አልጋ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ቆሜ አየሁት። እጄን አስገባሁበት፤ ቀዝቅዟል፣ ግን ክፉ ቅዝቃዜ አይደለም፤ ሰውየው ሻይ ሊጠጣ የሄደበት ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። ሳቄ መጣ። ሮጥኩ። የሮጥኩት ሕልሙ ከመብነኑ በፊት ላገኝሽ ነው።

አሁን ስለ ቤቱ። እንደተመለስኩ መኝታ ቤቱን ከፈትኩት። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ልጄን ጠርቼው ነበር። ያልኩሽን ነገር ለእሱም ነገርኩት። አባቱ ነውና ማወቅ ነበረበት። «አባባ እኔንም አውቶቡሱ ውስጥ ያንቺን ሕልም ይነግረኝ ነበር» አለኝ። ትምህርት ቤት ሲያደርሰው! ይህን ሁሉ ዓመት አላውቅም ነበር። አንዳንዱን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ እኔ ራሴ የረሳሁትን። ሁለታችንም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን እስኪመሽ ስንጫወት ዋልን።

ከዚያ አልጋውን ፈታነው። ልጄ ብሎኖቹን ፈታ፣ እኔ ጣውላዎቹን ተቀበልኩ። ከዚያ ክፍል አውጥተን ስፌት ቤቴ ውስጥ፣ መንገዱን በሚያየው መስኮት ስር ገጠምነው። የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ገፋ አድርገነዋል፤ ደንበኛ ሲመጣ ይሳቅብኝ እንደሆነ እንጃ፣ ግድ የለኝም። መኝታ ቤቱን ለልጄ ሰጠሁት፤ ለሥራ ሲያልፍ ያርፍበታል። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ብለሽ አትጠብቂ። አንዳንዱን ቀን አሁንም ወንበሩ ያሸንፈኛል። ትናንት ግን ልንገርሽ።

ከምሳ በኋላ፣ ልጄ ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል፣ ጋደም አልኩ። ከመንገዱ የሕፃናት ጫጫታ ይመጣል፤ ፀሐይዋ እግሬ ላይ ናት። እሱ በሩ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ሲመለከተኝ በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ። መሄድ አልቻለም። ዓይኔን ጨፈንኩለት።

«እማ፣ ተኛሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ተኝቻለሁ» አልኩት።

ውሸቴን ነበር። ውሸቱ ግን ብዙ አልቆየም።

እህትሽ